ሳር ማጨጃው የበላው የቅሬ ሒሳብ

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች አህያ። አጎቴ ተቃራኒዋ ነው። እሱ ቢሞትም ሰርዶው እንዲበቅል፣ ያውም እኩል ተላጭቶ እንዲታይ ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ዳር ያለውን ሰፊ ግቢውን ለሰርግ ያከራያል፤ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱት እዚያ ሳር ላይ ነዋ።

ታዲያ በቀደም ከአዲስ አበባ ያገለገለ የጎልፍ ሜዳ ማጨጃ ገዝቶ በአይሱዙ አስጭኖ መጣ። ሞተር የለውም። ጎን ለጎን የተጣመሩ ሦስት ጥቅል ምላጮች ናቸው፤ ሲጎተት ጎማው እየዞረ ምላጮቹን ያዞራል። የሚጎትተው ትራክተር ነው። አጎቴ ያለው ባጃጅ ነው።

ባጃጁ እያቃሰተ ጎተተው። ሰርዶው ጎንበስ አለ፣ ማጨጃው አለፈ፣ ሰርዶው ቀና አለ። አንድም ቅጠል አልተቆረጠም።

ሰፈሩ ወዲያው መካኒክ ሆነ። «ደንዟል፣ ይሞረድ!» አንዱ ግራይንደር ይዞ ከተፍ አለ። ገመዱን ሶኬት ውስጥ ሊሰካ ሲል ከበሩ በኩል «ተው ልጄ!» የሚል ድምፅ መጣ። የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛው ጎረቤታችን ናቸው። «ይሄ የጨርቅ ጠጉር የሚላጭበት ማሽን ዘመድ ነው። እንደ ቢላ አይሳልም።»

እውነታቸውን ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1830 ኤድዊን በዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ ይህን ማጨጃ የፈጠረው የሱፍ ጨርቅ ጠጉር የሚያስተካክል የፋብሪካ ማሽን አይቶ ነው። ሥራው የመቀስ ነው። የሚዞሩት ምላጮች ከሥራቸው ካለው ቋሚ ምላጭ ጋር ሲገናኙ ሳሩ ይቆረጣል። አንዱን ምላጭ በግራይንደር ትንሽ ከበላኸው ቋሚውን መንካት ያቆማል፣ ሳሩም በዚያ በኩል በሰላም ያልፋል።

ጋሼ ጥቅሉን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁት። ቀጭ ቀጭ አለ። «ኩሽኔታው ሳይቀየር ሌላውን ብታስተካክሉ ከንቱ ድካም ነው።» ፈትተን ስናየው 6205 ይላል። ይህ ቁጥር የትም አገር አንድ ነው፦ ውስጡ 25፣ ውጪው 52 ሚሊ ሜትር። የጎልፍ መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት ቀረልን። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ከአንድ የውሃ ፓምፕ ዕቃ ሱቅ ገዛሁ። ባለሱቁ «ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው?» አለኝ። «ሳር ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ዝም ብሎ መልሴን ሰጠኝ።

ከዚያ ወደ ማሳሉ። ጋራዦች ቫልቭ የሚያለሰልሱበትን አሸዋማ ቅባት በብሩሽ ቀባንና ጥቅሉን በድሪል ወደ ኋላ አሽከረከርነው። ወደ ኋላ ሲዞር አይቆርጥም፣ ይፋተጋል። እሽሽሽ እያለ ቆየ፤ ድምፁ እየሳሳ ሄደ። ግራጫውን ጭቃ ስንጠርገው በየምላጩ ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ብሩህ መስመር ወጥታለች። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ባለግራይንደሩም አፉን ከፈተ።

ቀጥሎ ግራና ቀኝ ያሉትን ቪቴዎች እኩል እኩል፣ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ። ከላላ ሳሩን ያጥፋል፤ ከጠበቀ ምላጩ ይግልና ራሱን ይበላል። ልኩ የሚታወቀው በወረቀት ነው። ቀጭን ወረቀት መሃል ከትተህ ጥቅሉን በእጅ ስታዞረው ግራውም፣ መሃሉም፣ ቀኙም ላይ ጥርት አድርጎ መቁረጥ አለበት።

«ወረቀት!» አሉ ጋሼ። አጎቴ ጋዜጣ ሊፈልግ ወደ ቤት ገባ። እሳቸው መቼ ይጠብቃሉ! መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንደተሰቀለ ከደረት ኪሳቸው አንድ ወረቀት መዘዙ፣ ቁልቁል ሦስት ቦታ ቀደዱት፣ አንዱን ከጫፉ ጀምረው ከተቱት። ቅርጥ! ቅርጥ! ቅርጥ! ሁለተኛውን መሃል ላይ፣ ሦስተኛውን በቀኝ በኩል። «ማሻ አላህ!» ሰፈሩ አጨበጨበ።

አንድ ልጅ ቁራጭ አነሳና «ጋሼ፣ ይሄ የአባዬ ስም አይደል?» አለ።

የቅሬያችን፣ ማለት የእድራችን፣ ገንዘብ ያዥ እሳቸው ናቸው። ወረቀቱ ደግሞ ውዝፍ ያለባቸው ሰዎች ዝርዝር ነበር። አንዱ ክምር ስም፣ አንዱ የአባት ስም፣ አንዱ ብር።

ቡና ተፈላና ቁርጥራጩን ሰሌን ላይ ዘርግተን መገጣጠም ጀመርን። ወሎነት ጉድ የሠራን ይሄኔ ነው። ሌላ አገር ቢሆን «ሰይድ» ከ«ተክለ ሃይማኖት» ጋር አይገጥምም ብለህ ታልፋለህ። እኛ ሰፈር ግን ሰይድ ተክለ ሃይማኖትም አለ፣ ኃይለ ማርያም ይማምም አለ። የፈለግከውን ከፈለግከው ጋር ግጠም፣ ልክ ይመስላል! ከአቦል እስከ በረካ ተከራከርን። ወሬው የደረሳቸው ባለዕዳዎችም «ልናግዝ» ብለው አንድ በአንድ መጡ፤ ሁሉም የሚያግዘው ስሙን ከትንሿ ብር ጋር በመግጠም ነው።

ጋሼ በመጨረሻ «ግድ የለም፣ ዋናው መዝገብ ቤት አለ» ብለው ተነሱ።

ጸጥታ ሆነ። ከሁሉም በላይ ውዝፍ ያለበት አጎቴ ጋዜጣውን እንደያዘ «እንዲያው ያምጡት» አለ፤ «በወፍራም ወረቀት ገና አልተሞከረም።»