የሕግ ተማሪው እና ፍሉይድ ሜካኒክስ

ስልኩ የጮኸው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ልክ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ልወጣ ስል።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ የተማሪዎች ፖርታል ክፍል ነው?»

ነው አልኩት።

«እኔ የሕግ ተማሪ ነኝ። ውጤቴን ስከፍት ፍሉይድ ሜካኒክስ የሚባል የምህንድስና ኮርስ ‹ኤ› ይላል። ደስ ይላል፤ ግን አልተማርኩትም።»

ሳቅሁ። በውጤት ቀን የማይመጣ ጥያቄ የለም፤ የሬጅስትራር ስህተት ነው ብዬ ወደዚያ ልመራው ነበር። የሌላ ሰው አካውንት ከፍቶም ይሆናል ብዬ «ከላይ የተጻፈው ስም የማን ነው?» ስለው «ስሙማ የራሴ ነው» አለኝ። «የሚገርምህ፣ የዶርም ጓደኛዬም ፍሉይድ ሜካኒክስ ‹ኤ› ይላል። እሱ ደግሞ ታሪክ ነው የሚማረው።»

ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩት።

ከሁለት ሰዓት በፊት ወደነበረው ልመለስ። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር የአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ፖርታል አስተዳዳሪዎች ነን። ተማሪው አንዴ ገብቶ ማስታወቂያውን፣ የክፍል ፕሮግራሙን፣ የቤተ መጻሕፍት ብድሩንና ውጤቱን በአንድ ገጽ ያያል። ሶፍትዌሩ ዩፖርታል ይባላል። ክፍት ምንጭ ነው፣ ማለትም ኮዱን ማንም ከፍቶ ማንበብ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ጃሲግ በሚል ስም የተሰባሰቡ ዩኒቨርሲቲዎች «እያንዳንዳችን ከባዶ ከምንጽፍ አንድ ላይ እንጻፈው» ብለው የጀመሩት ነው። ጃሲግ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሳካይ ፋውንዴሽን ጋር ተዋሕዶ አፔሬዮ ሆኗል።

ገጹ ለተማሪው አንድ ይመስላል እንጂ የተገጣጠመው ከትናንሽ ሳጥኖች ነው። ፖርትሌት እንላቸዋለን። ማስታወቂያው አንድ ፖርትሌት፣ ውጤቱ ሌላ ፖርትሌት። ተማሪው ገጹን በከፈተ ቁጥር ፖርታሉ ሁሉንም ባንዴ፣ እያንዳንዱን በራሱ ትሬድ ያስነሳቸዋል። ትሬድ ማለት አገልጋዩ (ሰርቨሩ) ለአንድ ሥራ የሚመድበው አንድ ሠራተኛ እንደማለት ነው፤ ቁጥሩ የተወሰነ ነው። አንዱ ከዘገየ የተፈቀደለትን ጊዜ ጠብቆ ያልፈዋል፤ በቦታው የስህተት መልእክት ይወጣል፣ ሌሎቹ ግን ይታያሉ። አንዱ ሳጥን በመታመሙ ገጹ አይሞትም። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። የማይሠራበት አንድ ቀን አለ፣ እሱም ውጤት የሚለቀቅበት ቀን ነው።

ያን ዕለት ውጤት የተለቀቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር። የውጤት ፖርትሌታችን መረጃውን የሚያመጣው ከሬጅስትራር ዳታቤዝ ነው። ዳታቤዙ ደግሞ ዕድሜ የጠገበ፣ በሰላሙ ቀን እንኳ የሚያቃስት ነው። አንድ ተማሪ ውጤቱን አንዴ አይቶ አይተኛም፤ ያድሳል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ደግሞ ያድሳል። ያልወጣ ኮርስ ካለማ ጣቱ ከቁልፉ ላይ አይነሳም። በየእድሳቱ አንድ ትሬድ ተይዞ ዳታቤዙን ቆሞ ይጠብቃል። 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ትሬዶቹ በሙሉ ተይዘው አለቁ። ውጤቱ ይቅርና ተራው ማስታወቂያም መታየት ተወ።

መጀመሪያ የነካሁት ማስታወቂያውን ነው። ፖርትሌቶች ጄኤስአር 286 በተባለው የፖርትሌቶች የቴክኒክ ደንብ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው፣ በሁለት መስመር ማስተካከያ አንዴ የተዘጋጀ ይዘታቸው ተቀምጦ እንዲቆይ ይፈቅዳሉ። አንደኛው መስመር ስንት ሰከንድ ይቆይ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ይህ የተቀመጠ ነገር የማን ነው የሚል። ማስታወቂያ ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ 300 ሰከንድ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ‹ፐብሊክ› አልኩ። ማለትም አንዴ የተዘጋጀው ለሁሉም ይታይ። አገልጋዮቹን እንደገና አስነስቼ ስመለከት ማስታወቂያው ወዲያው ብቅ አለ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን የውጤቱ ሳጥን አሁንም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ አለቃችን በየአምስት ደቂቃው እየደወለ «ምን ደረሰ?» ይለኛል፣ እኔም ሁለት የሠሩ መስመሮች በእጄ አሉ። ገልብጬ የውጤት ፖርትሌቱ ውስጥ ለጠፍኳቸው።

ሞክሬ ነው የለቀቅሁት፤ ሳልሞክር አልለቅም። በሙከራ አገልጋዩ ላይ፣ ሁሌም በምንጠቀምበት የሙከራ ተማሪ ገብቼ ውጤቱን ከፈትኩ። መጣ። አደስኩ፣ በቅጽበት መጣ። እንደገና አደስኩ። ከዚያ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝና በአስተዳዳሪ አካውንት ገባሁ። አስተዳዳሪ ተማሪ አይደለም፣ የውጤት ሳጥኑ ከነጭራሹ አይታየውም፤ ስህተት ግን የለም። በሁለት አካውንት ሞከርኩ ብዬ ለባልደረባዬ የነገርኩት ይህንን ነው። ልብ ብሎ ለሰማ፣ ሞከርኩ ያልኩት በአንድ ተማሪና በአንድ ሊያይ በማይችል ሰው ነበር።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ5 ላይ ወጣ። ዳታቤዙ ትንፋሽ አገኘ፣ ገጹ በቅጽበት መከፈት ጀመረ፣ አለቃችን ደውሎ «ጎሽ!» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ለ35 ደቂቃ ያህል ራሴን እንደ ጎበዝ ቆጥሬያለሁ።

የሆነው ይኸውና። በየአምስት ደቂቃው የተቀመጠው ይዘት ያልቅና ቀድሞ የደረሰው ተማሪ ውጤት ከዳታቤዝ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ለሚቀጥሉት አምስት ደቂቃዎች የሚገባ ሁሉ የዚያን ተማሪ ውጤት ያያል። ከላይ ያለው ስም ግን የፖርታሉ የራሱ ሥራ ነው፤ በፖርትሌቱ ውስጥ ስላልሆነ አልተቀመጠም። ስለዚህ ስምህ ያንተ፣ ‹ኤፍ›ህ የሌላ ሰው። አገልጋዮቻችን ሁለት ናቸው፣ የየራሳቸው ማስቀመጫ አላቸው፣ ተማሪውም አንዴ የተመደበበት አገልጋይ ላይ ይቆያል። በአንድ ዶርም ካሉ አራት ልጆች ሁለቱ የአንዱን መሐንዲስ፣ ሁለቱ የአንዷን ነርስ ውጤት አዩ ማለት ነው። በኋላ ስንሰማ አንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሲያስቅ፣ አንዳንዱ ጋ ሲያስለቅስ ነበር።

መመለሱ ቀላል ነው፣ አንድ ቃል ነው። የመጀመሪያውን አገልጋይ አስተካክዬ አስነሳሁት። በድንጋጤ ሁለተኛውን ረስቼ ኖሮ ባልደረባዬ «ሌላውስ?» ሲለኝ ነው ያስታወስኩት። በሁለቱም ላይ ‹ፐብሊክ›ን ‹ፕራይቬት› ብዬ ተውኩት። አናዳጁ ነገር ይህ ነው፦ በ‹ፕራይቬት›ም ቢሆን ፖርታሉ አልተንቀረፈፈም። ዳታቤዙን ያስጨነቀው የተማሪው ብዛት ሳይሆን የአንዱ ተማሪ አሥር ጊዜ ማደስ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የራሱን አምስት ደቂቃ ይዞ ማቆየት በቂ ነበር። ሁለተኛውን መስመር ጭራሽ ባልጽፍ እንኳ ደንቡ በነባሪ ‹ፕራይቬት› አድርጎ ይወስደዋል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ቀዳሚው ደንብ፣ ጄኤስአር 168፣ የአንዱን ተጠቃሚ ይዘት ለሌላው ማሳየትን ይከለክላል። አዲሱ በሩን የከፈተው ለማስታወቂያ ዓይነት ነገር ነው። ፖርታሉን መውቀስ አልችልም። ያዘዝኩትን ነው የፈጸመው። ያን ሌሊት ምንጭ ኮዱን ከፍቼ አንብቤዋለሁ፤ ክፍት ምንጭ ሲሆን ጥፋቱን ወደ ሩቅ ድርጅት መግፋት አይቻልም፣ መስመር በመስመር እያሳየ ይመልስብሃል።

በማግስቱ ጠዋት ከአለቃችን ጋር የሬጅስትራሯ ቢሮ ገባን። ስም እንዳልታየ፣ ኮርስና ግሬድ ብቻ እንደታየ አስረዳሁ። በሎጉ ላይ፣ ማለትም ማን መቼ እንደገባ አገልጋዩ በሚይዘው መዝገብ ላይ፣ ይዘቱ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ የደረሱትን እየለየሁ ውጤታቸው የታየባቸውን 13 ተማሪዎች ማግኘቴንም ነገርኳቸው። ዝርዝሩን ተቀበሉኝ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ በጣታቸው እየወረዱ ስድስተኛው ላይ ቆሙ።

«ይህን ኮርስ ዘንድሮ የወሰዱት አራት ልጆች ናቸው» አሉኝ። «ስም የግድ ነው ልጄ?»

አንገቴን ደፋሁ። ስም የለም ማለቴ መከላከያ መስሎኝ ነበር። አራት ሰው ባለበት ክፍል የግሬዱ ረድፍ ራሱ ስም ነው።

«አሥራ ሦስቱም በደብዳቤ ይነገራቸው» አሉ። «ደብዳቤውን አንተ ትጽፈዋለህ፣ እኔ እፈርማለሁ። ‹በቴክኒክ ችግር ምክንያት› የሚል እንዳላይ።»

ያችን ሐረግ ከረቂቁ አወጣሁ፤ ቀድሜ ጽፌያት ነበር። በቦታዋ «የፖርታሉ አስተዳዳሪ ባደረገው የተሳሳተ ማስተካከያ ምክንያት» አልኩ። አለቃችን አንብቦ ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ ይሂድ» አለ። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ነበር፤ አላባረሩኝም። አንዷ ተማሪ ግን ደብዳቤው እንደደረሳት ቢሮ ድረስ መጥታ ጠየቀችን፦ «ማን ማን አየው?» የጊዜውን ሎግ ቆጥሬ ቁጥሩን ነገርኳት። ሌላ ምንም አላለችም፤ ወረቀቱን አጥፋ ይዛ ወጣች። ከዚያ ሁሉ የስልክ ጩኸት ይልቅ እስካሁን የሚታየኝ የእሷ አወጣጥ ነው።

አሁን የሙከራ አገልጋያችን ላይ ሁለት ተማሪዎች አሉ፦ ተማሪ ሀ እና ተማሪ ለ። ሀ የሕግ ተማሪ ነው፣ ሁሉንም ‹ኤ›። ለ ምህንድስና ነው፣ ሁሉንም ‹ኤፍ›። ማስተካከያ ሲኖር ሁለት የተለያዩ ብራውዘሮች ጎን ለጎን ተከፍተው፣ መጀመሪያ ሀ፣ ወዲያው ለ ይገባሉ። ቅደም ተከተሉንም እንገለብጠዋለን፤ ለ ቀድሞ ሲገባ ብቻ የሚታይ ሌላ ጉድ አንድ ጊዜ ይዘናል። ባልደረባዬ ደግሞ ‹ፐብሊክ› የሚለው ቃል በየትኛው ፖርትሌት ውስጥ እንዳለ የሚያጣራ ትንሽ ስክሪፕት ጻፈ። ከማስታወቂያና ከካላንደር ውጪ ካገኘው ሥራውን ያስቆመዋል። ስሙን በእኔ ስም ነው የሰየመው፤ ብለምነውም አልቀየረውም።

በቀጣዩ ሴሚስተር ውጤት ሲለቀቅ ቢሮ አመሸሁ። 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ወዲያው ለየሁት፤ የሕግ ተማሪው ነው። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ወረደ።

«ምነው፣ ምን አሳየህ?» አልኩት።

«አይ፣ የራሴን ነው ያሳየኝ» አለ። «ያው... ፍሉይድ ሜካኒክሱ ይሻለኝ ነበር።»