ከአስሩ አንዱ

ዛሬ ድብርት ላይ ነኝ። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ በረዶውም አለበት፣ ሥራውም አለበት። ፖስታ ሳጥኑን ስከፍት የመኪናዬ ሬጂስትሬሽን ማደሻ ወረቀት መጥቷል። መኪናህ መንገድ ዳር ተለክቶ አልፏልና ለኢሚሽን፣ ለጭስ ምርመራው ማለት ነው፣ መሄድ አያስፈልግህም፣ ክፍያህን ብቻ ፈጽም ይላል። ሳላውቅ ተፈትኜ አለፍኩ! አልፈሃል ከተባልኩ ስንት ዘመኔ።

የት እንደለኩኝ ገባኝ። ሀይዌይ መግቢያው ጋ አንድ ቫን ቆሞ፣ ኮን ተደርድሮ አይቻለሁ። ፖሊስ መስሎኝ እግሬን ከነዳጁ አንስቼ ነበር። ለካ እነሱ የሚፈልጉት ስረግጠው ነው፤ የሞተር ጉድ የሚወጣው ጫና ሲበዛበት ነዋ። የማይታይ ጨረር መንገዱን ያቋርጣል፣ ጭሱ ከጨረሩ ምን ያህሉን እንደዋጠ መሣሪያው ያሰላል፣ ካሜራው ታርጋ ያነሳል። አንድ ሰከንድ አይሞላም።

ለታክሲው ወዳጃችን ስነግረው ሳቀብኝ። የድሮ ሰው ስለሆነ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 እዚሁ ዴንቨር፣ ከአይ-25 ሀይዌይ ወደ ስፒር ጎዳና መውጫው ላይ፣ የዴንቨር ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ዶናልድ ስቴድማንና ባልደረቦቹ ሰሌዳ ተክለው ነበር። ስታልፍ ስለ ጭስህ "ጥሩ"፣ "ደህና" ወይም "መጥፎ" ብሎ ያወጣብሃል። ቅጣት የለ፣ ክስ የለ። ግን በአደባባይ ነው! ይሉኝታ ያለው ሰው በማግስቱ ጋራዥ ይገባል። ወይም መንገድ ይቀይራል። እኔ መንገድ ነበር የምቀይረው። አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ደግሞ ወዶ አይደለም፤ "መጥፎ" ብሎ መንገሩ ቀላል ነው፣ የጋራዡን ማን ይከፍልለታል?

ስቴድማን ደጋግሞ ይለው የነበረው ነገር ነው ከሁሉም የያዘኝ። ከካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ ከጭሱ መርዛማ ጋዝ፣ ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ከአስር መኪና ከአንዷ ነው አሉ። ዘጠኙ የሚያጨሱትን ያህል አንዷ ብቻዋን ታጨሳለች።

እኛ እቁብ ደግሞ አስር ነን።

እና ማን ይሆን ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ያ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ የሚጮኸው? እሱ እንኳን ቡና ሲቀርብለት ዝም ይላል። እሷ? ሐሜት ትወዳለች፣ ግን ያለሷ ማን ሳቅ ያመጣል። አንድ በአንድ አሳለፍኳቸው፤ ሁሉም "ጥሩ"፣ ቢበዛ "ደህና"። ዘጠኝ ላይ ሰው አለቀብኝ።

ሰው ጨምረናል እንዴ ብዬ ለጸሐፊያችን ቴክስት አደረግኩላት። አይታዋለች። አልመለሰችም።