የጥርስ ሐኪም ፍርሃቴን የፈታሁት ጥርሴ ሳያመኝ በመሄድ ነው

«እኔን ማደንዘዣ አይዘኝም» የሚል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። አባባሉ ውሸት አይደለም፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ለጥርስ በብዛት የሚወጋው ሊዶካይን ነርቭ ውስጥ በደንብ የሚገባው አካባቢው አሲድ ሳይበዛበት ነው። ያበጠና መግል የያዘ ድድ ደግሞ አሲዱ ከፍ ይላል፤ ደሙም ስለሚበዛ መድኃኒቱን ቶሎ ጠራርጎ ይወስደዋል። በጤናው አንድ መርፌ የሚበቃው ሰው ጉንጩ አብጦ ሲመጣ ሦስት ተወግቶም ሊሰማው ይችላል።

እኛ ደግሞ የምንሄደው መቼ ነው? መጀመሪያ ቅርንፉድ እንነክሳለን። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት እንይዛለን (ድዱን ያቃጥለዋል፤ ቁስሉ ከጥርሱ የሚብስበት ጊዜ አለ)። ከዚያ በአረቄ እንጉመጠመጣለን። ከዚያ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን እንገዛለን። አሞክሳሲሊኑ እብጠቱን ሊያስታግስ ይችላል፤ ጥርሱ ውስጥ ያለውን ቀዳዳና የሞተውን ሥር ግን ስለማይነካው ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ ሌሊቱን ሳንተኛ፣ ምግብ ሳንቀምስ፣ ጉንጫችንን በነጠላ ሸፍነን እንሄዳለን። ስለ ጥርስ ሐኪም ያለን ትዝታ በሙሉ የዚያ ቀን ትዝታ ነው። እኔ የለወጥኩት ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ ምንም በማያመኝ ቀን መሄድ።

ከመሄዴ በፊት የምፈራው ምኑን እንደሆነ ለየሁ። ለዚህ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አምስት ጥያቄ ያለው መለኪያ አለ፦ ነገ ቀጠሮ ቢኖርህ፣ ተራ እየጠበቅህ ብትሆን፣ ጥርስህ ሊቦረቦር ቢሆን፣ ሊታጠብ ቢሆን፣ ድድህ ላይ መርፌ ልትወጋ ቢሆን ምን ያህል ትጨነቃለህ? እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ ድምሩ 19 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፍርሃቱ ከባድ የሚባለው ነው። ከድምሩ በላይ የሚጠቅመው ግን ትልቁ ቁጥር የት ላይ እንዳረፈ ማየቱ ነው። የእኔ መርፌው ላይ ነበር። ድምፁን የሚፈራና መርፌውን የሚፈራ ሰው መፍትሔያቸው አንድ አይደለም፤ «አይዞህ፣ ምንም አይልም» የሚለው ምክር ለሁለቱም የማይሠራው ለዚህ ነው።

ከዚያ ጉብኝቱን ለአራት ከፈልኩት። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የጥርስ ክሊኒክ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ ሁልጊዜ አይሠራም። ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ አራት ፎቅ በደረጃ የወጣ ሰው ልቡ ይመታል፤ የፈራ ሰው ያንን የልብ ምት ከፍርሃት ይቆጥረውና ይብስበታል። ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ደርሶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ መጠበቅ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አፍ የሚከፈትበት አይደለም። ለመጠየቅ ብቻ ነው የሚገባው። የምርመራው፣ የራጁ፣ የእጥበቱና የሙሌቱ ዋጋ በየተራ ስንት ነው? ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) ቢያስፈልግ ዋጋው በአንድ ጥርስ ነው ወይስ በአንድ ቀጠሮ? በወረቀት ጽፈው ይስጡኝ ማለት ነውር የለውም፤ ከፍርሃቱ እኩሌታው የሒሳቡ ፍርሃት የሆነበት ሰው ብዙ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የዕቃዎቹ ንጽሕና ነው። መሣሪያው በታሸገ ከረጢት ሆኖ አውቶክሌቭ በሚባለው የእንፋሎት ማሽን ውስጥ በ121 ዲግሪ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ ቢያንስ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ሙቀት ሲያገኘው ቀለሙ ይለወጣል። ከረጢቱ ፊትህ ይቀደድ፤ መርፌውም ፊትህ ይከፈት። ሦስተኛው ጥያቄ ጄኔሬተር ነው። መቦርቦሪያው የሚሽከረከረው በታመቀ አየር ስለሆነ መብራት ሲሄድ ኮምፕረሰሩ ይቆማል፤ ጥርስ በተከፈተበት ሰዓት ከዚያ የባሰ ነገር የለም።

ሁለተኛው ቀን መስታወትና ራጅ ብቻ ነው፤ ፈጣን ነው። ሦስተኛው እጥበት። «እጥበት ጥርስ ያነቃንቃል» የሚባለውን ብዙ ሰው ያምነዋል። የሚሆነው ይኼ ነው፦ በጥርሱና በድዱ መካከል የተጋገረው ድንጋይ ሲነሳ ያበጠው ድድ ይጎድላል፣ ተሸፍኖ የነበረው ክፍተትም ይታያል። ያነቃነቀው ድንጋዩ ነው፤ እጥበቱ ገለጠው እንጂ። የማጠቢያው ጫፍ በጣም ፈጥኖ ስለሚንቀጠቀጥና ውኃው ስለሚቀዘቅዝ አንዳንድ ጥርስ ይነዝራል። አንድ ቀን ግማሹን፣ ሌላ ቀን ግማሹን ማሳጠብ ይቻላል። እኔ ወንበሩን የለመድኩት በእጥበቱ ነው፤ መርፌ የለውም፣ ሲያስጠላም ወዲያው ይቆማል።

አራተኛው ቀን ሙሌቱ፣ ማለትም መርፌው ያለበት ቀን ነው። ባዶ ሆድ መሄድ ትልቁ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ቀን ነው። ወንበር ላይ ራሱን የሚስት ሰው ብዙውን ጊዜ ከፍርሃቱ ጋር ያልበላ ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከተቻለ ሕክምናውን ከፋሲካ በኋላ ያድርገው፤ የሚያጣድፍ ከሆነም የንስሐ አባቱን ያማክር። ረቡዕና ዓርብም ያው ስለሆነ እኔ የምይዘው ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ፍርፍር በልቼ፣ ቡናውን ግን ለከሰዓት በኋላ አቆይቼ። ቡናም ጫትም ልብ ያስመታሉ፤ ማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊን ሲጨመርበት የበለጠ ይሰማል። ጫት የቃመ ሰው አፍሮ መደበቅ የለበትም፤ የሚወጋውን መጠን ስለሚወስን ለሐኪሙ ይንገር። የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ስኳር፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ እርግዝናም እንዲሁ።

ወንበሩ ላይ ከመተኛት በፊት የምለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ እኔ መርፌ በጣም እፈራለሁ፤ ግራ እጄን ካነሳሁ እባክዎ ያቁሙልኝ።» ቀኝ እጅ አይሆንም፤ ብዙ ሐኪሞች የሚሠሩት በቀኝ በኩል ተቀምጠው ስለሆነ መሣሪያ የያዘውን ክንዳቸውን ሊመታ ይችላል። ምልክቱን ምንም ሳያም አንድ ጊዜ መሞከር ጥሩ ነው። በእርግጥ እንደሚያቆሙ ያየ ሰው ሁለተኛ ላያነሳው ይችላል።

መርፌው ራሱ የሚያመው በሁለት ነገር ነው፦ በቆዳው መወጋትና በፈሳሹ ፍጥነት። ለመጀመሪያው የሚቀባ ማደንዘዣ አለ፤ ድዱ በጥጥ ደርቆ ካልተቀባና አንድ ሁለት ደቂቃ ካልቆየ ግን ዋጋ የለውም፤ ተቀብቶ ወዲያው የሚወጋ ከሆነ ለወጉ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል። አንድ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ 1.8 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትሩ በአንድ ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ሲገባ ሕመሙ በጣም ይቀንሳል። «ቀስ አድርገው ይውጉኝ» ማለት ሐኪምን ማስተማር አይደለም፤ ወረፋ የበዛበት ሰው እንዲያስታውሰው ነው።

ወዲያው ልብ ሊመታ፣ እጅ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። አድሬናሊኑ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። ይኼን አስቀድሜ ባላውቅ ኖሮ «አለርጂ ነኝ» ብዬ የምነሳ ይመስለኛል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወይም ፊት ካበጠ ግን ሌላ ነገር ነውና ወዲያው መናገር ያስፈልጋል። የላይኛው መንጋጋ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይደነዝዛል፤ የታችኛው እስከ አሥር ደቂቃ ይፈልጋል፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። የታችኛው ጥርስ ሲሠራ የታችኛው ከንፈር የሌላ ሰው ከንፈር እስኪመስል ድረስ መቦርቦር መጀመር የለበትም። ከዚያ በኋላ ግፊትና ንዝረት ይሰማል፤ ሹል ሕመም ግን ከተሰማ እጅ ይነሳ፣ ይጨመርልሃል።

መርፌ ወይም ደም ሲያይ ራሱን የሚስት ሰው «ተረጋጋ፣ ሰውነትህን ልቀቅ» መባሉ አይጠቅመውም፤ የደም ግፊቱ የወረደበትን ሰው ይባስ ያወርደዋል። እሱ የእግሩን፣ የክንዱንና የሆዱን ጡንቻ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አጥብቆ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ለቆ፣ አምስት ጊዜ ይደጋግም። ልቡ የሚመታበት ሰው ግን ተቃራኒውን ያድርግ፤ በአፍንጫው እስከ አራት ቆጥሮ ያስገባ፣ እስከ ስድስት ቆጥሮ ያውጣ።

ሽታው ለብቻው የሚያስፈራው ሰው አለ። የጥርስ ክሊኒክ ሽታ የሚባለው በአብዛኛው ዩጂኖል ነው፤ የቅርንፉድ ዘይት። ሻይ ውስጥና መከለሻ ውስጥ ያለው ያው ነገር ነው። ለድምፁ በአንድ ጆሮ ዘፈን ይበቃል፤ ሁለቱን ጆሮ መድፈን ሐኪሙ የሚለውን ስለሚያሳጣ ፍርሃቱን ይጨምራል። የማስታገሻ ክኒን ግን ሐኪሙ ካላዘዘና አብሮ የሚመለስ ሰው ከሌለ አይዋጥም፤ መለኪያ አረቄም እንደዚያው።

ከሙሌት በኋላ ከንፈሩ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት ድንዝዝ ብሎ ይቆያል። በዚያ ሰዓት ሥጋ የበላ ጉንጩን በልቶ ሊገኝ ይችላል፤ ትኩስ ሻይም ሳይታወቅ ያቃጥላል። ጥርስ ከተነቀለ ደግሞ ፋሻውን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነክሶ መያዝ፣ ለ24 ሰዓት አለመትፋት፣ በስትሮ አለመጠጣት፣ አለማጨስ፤ የረጋው ደም ከወጣ አጥንቱ ይገለጥና ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ከጥርሱ ሕመም የሚብስ ሕመም ይመጣል። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ መጉመጥመጥ የሚጀመረው ከማግስቱ ነው።

ከክሊኒኩ ሳልወጣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አስጽፋለሁ። ቤት ገብቼ «ነገ እደውላለሁ» ያልኩት ጊዜ ሁሉ የደወልኩት ጥርሴ አሞኝ ነበር።