የአንዲት ቅንጣት ዕድሜ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ምንጩን በውል የማላውቀው ትካዜ ተጫነኝና ሥራዬን አቋርጬ፣ መ. ከውቅያኖስ ዳርቻ ያመጣችልኝን አሸዋ ከብልቃጡ አውጥቼ በነጭ ወረቀት ላይ በተንኩት። ለዓይን አንድ ወጥ ቡናማ የሚመስለው አሸዋ በማጉያ መነጽር ሲታይ ጥርት ያሉ የኳርትዝ ቅንጣቶች፣ ሮዝ የፌልድስፓር ስባሪዎች፣ ሌሎች ጥቋቁር ማዕድናትና የዛጎል ፍርፋሪ የተቀላቀሉበት ነበር፤ እነዚህን ሁሉ ምን አሰባሰባቸው እያልኩ ስመራመር ትካዜው ወዴት እንደ ሄደ እንጃ።

አሸዋን አሸዋ የሚያሰኘው መጠኑ ነው፤ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ከ0.0625 እስከ 2 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ቅንጣት፣ ከምንም ይምጣ ከምን፣ በዚሁ ስም ይጠሩታል። በሃዋይ ፑናሉኡ ዳርቻ አሸዋው የጠቆረው የጋለው ቅልጥ አለት ከባሕሩ ጋር ሲገናኝ በድንገት ቀዝቅዞ ስለተፈረካከሰ ነው። የቤርሙዳን አሸዋ ሮዝ የሚያደርጉት ቀይ ቅርፊት ያላቸው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው፤ በብዙ የሐሩር ደሴቶች ያለው ነጭ አሸዋ ደግሞ አብዛኛው ፓሮትፊሽ የተባለው ዓሣ ኮራል ግጦ፣ አድቅቆ ያስወጣው ነው። በፈረንሳይ ኖርማንዲ በሚገኘው የኦማሃ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1988 በተወሰደ የአሸዋ ናሙና ውስጥ ከ1944ቱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውጊያ የቀሩ ደቃቅ የብረት ስብርባሪዎች መገኘታቸውን ባሰብኩ ቁጥር ይሰቀጥጠኛል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚይዘኝ ግን ኳርትዝ ነው። ከምድር በታች ቀስ ብሎ በቀዘቀዘ ቅልጥ አለት ውስጥ ተወልዶ፣ ያቀፈው ግራናይት የተባለ አለት ወደ ላይ ወጥቶ ለዝናብ ሲጋለጥ፣ ጎረቤቱ ፌልድስፓር በውሃው ውስጥ ባለው ደካማ አሲድ እየተበላ ወደ ሸክላ አፈር ሲለወጥ፣ እሱ ሳይበገር ነጻ ይወጣል። ከዚያ ወንዝ ይወስደዋል፤ በየወንዙ ዳር ረጅም ዘመን ተኝቶ፣ በጎርፍ እንደገና ተነሥቶ፣ በመጨረሻ ባሕር ይደርሳል፤ በዚያም ማዕበሉ ደቃቁን ደለል ወደ ጥልቁ እያሻገረ እሱን በዳርቻው ያስቀረዋል። ጠርዙ ሹል የሆነ ቅንጣት ብዙም አልተፈተገም ማለት ነው። እጅግ የተድበለበለው ግን ምናልባት አንድ ዘመን በበረሃ ነፋስ ሲንገላታ የኖረ ይሆናል፤ ውሃ የደቃቅ ቅንጣቶችን ግጭት ስለሚያለዝብ እንደ ነፋስ አያድበለብላቸውምና።

ጉዞው ደግሞ በባሕር ዳርቻ አያበቃም። አሸዋው በሌላ ደለል ተቀብሮ፣ ተጨምቆና ተጣብቆ የአሸዋ ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋዩ ተራራ ሆኖ ይነሣል፤ ተራራው ሲሸረሸር ያችው ቅንጣት ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ወደ ባሕር ትወርዳለች። በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ የተገኙ ዚርኮን የተባለ ጠንካራ ማዕድን አንዳንድ ቅንጣቶች ዕድሜያቸው 4.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የታቀፋቸው አለት ግን ከእነሱ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ያንሳል።

ታዲያ የአሸዋ ቅንጣት የምትወለደው መቼ ነው? ከቅልጡ አለት ስትጠጥር ነው፣ ከእናት ድንጋይዋ ስትነጠል ነው፣ ወይስ ለመጨረሻ ጊዜ ከአሸዋ ድንጋይ ስትፈታ? እኔ ለመጀመሪያው አደላለሁ፤ የጠጠረችበት ዘመን ከየትኛውም ስብራት በኋላ አብሯት ይኖራልና። ነገር ግን ይህ ለኳርትዟ ቢሆን እንጂ ለዛጎሉ ፍርፋሪ አይሆንም፤ ያን ዛጎል እንስሳው የሠራው ዝናብ ከሌላ አለት አሟሙቶ፣ ወንዝ ወደ ባሕር ባደረሰው ካልሲየም ነው፤ ዕድሜው ከእንስሳው ይቆጠር ወይስ ከአለቱ?