«ኪክ ዘ በኬት» ለቅሶ ላይ አይባልም

አሜሪካ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የሥራ ባልደረባዬ አባት ሞቱ። አዲስ አበባ እያለሁ ከሸመደድኳቸው የእንግሊዝኛ ፈሊጦች አንዱ «ኪክ ዘ በኬት» ነበር። ቃል በቃል «ባልዲውን በእግሩ መታ» ነው፤ ደብተሬ ላይ ግን «ሞተ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ላጽናናው ቀረብ አልኩና አባትህ «ኪክድ ዘ በኬት» ሲሉ ሰማሁ፣ አዝናለሁ አልኩት። ፊቱ ጭልም አለ። ምንም ሳይመልስልኝ ወጣ።

በነጋታው አንዲት በዕድሜ ጠና ያለች ባልደረባችን ለብቻዬ ጠርታ አስረዳችኝ። ትርጉሙ ልክ ነው፣ ግን የፌዝ አነጋገር ነው። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ገብቶ «አባትህ ድፍት አሉ» እንደማለት። በጣም ደነገጥኩ። ወዲያው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ አቀፈኝ።

ያን ማታ የድሮ ደብተሬን ሳገላብጥ ከትርጉም ሌላ ምንም የለበትም። አዲስ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ፈሊጡን ነጥዬ አልጽፍም። የሰማሁትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን እጽፋለሁ፤ ማን ለማን እንዳለው፣ ስቀው ይሁን ኮስተር ብለው፣ ጭምር። በቀን ሁለት ካገኘሁ ይበቃኛል።

እንዲህ ስሰበስብ ብዙዎቹ ከቤዝቦል ሜዳ የወጡ መሆናቸውን አየሁ። አንዷን ቡና እንጠጣ ስላት «ሬይን ቼክ» አለችኝ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ዝናብ የሚባል ነገር የለም። ለካ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዝናብ ጨዋታውን ሲያቋርጥ ተመልካቹ ሌላ ቀን ተመልሶ የሚገባበት ቲኬት ይሰጠው ነበር። «ዛሬ አልችልም፣ ግብዣህ ግን ይቆየኝ» ማለቷ ነው። «ቦልፓርክ ፊገር» ግምታዊ ቁጥር ነው። «ተች ቤዝ» ደግሞ ለአፍታ ተገናኝቶ መነጋገር። አንድ ቅዳሜ ስታዲየም ገብቼ ተጫዋቹ ቤዙን (ሜዳው ላይ ሯጩ የሚደርስበትን ምልክት) በእግሩ ነካ ሲያደርግ ካየሁ በኋላ መሸምደድ አላስፈለገኝም።

ቃሉን መለወጥም አይቻልም። እኛ «ጆሮ ዳባ ልበስ» እንላለን። ዳባው በጋቢ ይተካ ብንል ማን ይሰማናል? «ፒስ ኦፍ ኬክ»ም እንደዚያው ነው፤ በጣም ቀላል ማለት ነው፣ ኬኩን በዳቦ ቀይሬ ስሞክረው ሰሚው ግራ ገባው።

አገር ሲቀየር ትርጉም የሚገለበጥም አለ። ስብሰባ ላይ አንድን ሐሳብ «ቴብል» እናድርገው ሲባል እንግሊዝ አገር አሁኑኑ እንወያይበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ለጊዜው ይቆይ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሁለቱ አገር ሹማምንት በዚችው ቃል ረጅም ክርክር እንደገጠሙ ቸርችል ራሱ ጽፏል። ስለዚህ ከዓረፍተ ነገሩ ጎን ተናጋሪው የየት አገር ሰው እንደሆነም መጻፍ ጀመርኩ።

ያ አባቱ የሞቱበት ባልደረባዬ ዛሬ ወዳጄ ነው። አዲስ ፈሊጥ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ትርጉሙን ይነግረኝና አንዳንዴ «እናቴ ፊት ግን አልለውም» ይላል። ይህቺንም አስተያየት ደብተሬ ላይ አሰፍራታለሁ።