ጥፋተኛው ሙቀት ነው ብዬ ነበር

የቤታችን ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ደርቆ የቀረው ልጄ የትምህርት ቤት ጽሑፏን ጨርሳ ልታስቀምጥ ስትል ነበር። ስክሪኑ እንደበራ ነው፤ ጽሑፉም ይታያል፤ ግን ምኑንም ቢጫኑት መልስ የለም። አጥፍቼ አበራሁት፣ ተነሳ፣ ረሳሁት። በዚያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ደገመው። ቀጥሎ ሌላ ዓመል አመጣ፤ ቪዲዮ እያቀናበርኩ ሳለ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ሁለቱን ዓመሎች የአንድ በሽታ ምልክት አድርጌ መቁጠሬ ነው ወር ሙሉ ያንከራተተኝ።

እጄን በሳጥኑ ላይ ባሳርፍ ይፋጃል። ማራገቢያውም ሊነሳ እንደተዘጋጀ አውሮፕላን ያጓራል። «ሙቀት ነው» አልኩ፤ ለማለትም ብዙ አላሰብኩም። ኮር ቴምፕ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ጫንኩና የፕሮሰሰሩን፣ የኮምፒውተሩን አንጎል ማለት ነው፣ ሙቀት መከታተል ጀመርኩ። ምንም ሳይሠራ 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሳያል። ቪዲዮ ማቀናበር ስጀምር ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ 99 ደረሰ። የእኔ ፕሮሰሰር ጣሪያው 100 ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜም አንድ ነገር አንብቤ ነበር። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲግል መጀመሪያ የሚያደርገው ፍጥነቱን መቀነስ ነው፤ ይንቀራፈፋል። ያም ካልበቃው ራሱን ከጉዳት ለማዳን ድንገት ይጠፋል። ስክሪኑ በርቶ እንዳለ ደርቆ መቅረት የሙቀት ዋነኛ ጠባይ አይደለም፤ እንዲህ ሲሆን ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው)፣ ሀርድ ዲስክ (ፋይሎች የሚቀመጡበት)፣ ድራይቨር (ዕቃዎቹን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ወይም ፓወር ሰፕላይ (ኃይል አከፋፋዩ) ቀድመው መጠርጠር አለባቸው። አነበብኩት፤ አለፍኩት። የፈለግኩትን መልስ ይዤ ስለነበር የሚያፈርሰውን ማየት አልፈለግኩም።

እንዲያውም በሙከራ ያረጋገጥኩ መሰለኝ። የሳጥኑን የጎን ክዳን አውልቄ የቤቱን ቬንቲሌተር ፊት ለፊቱ አቆምኩበት። ሁለት ቀን ሙሉ አንዴም አልደረቀም፤ አልጠፋም። ክዳኑን መልሼ ስገጥመው በማግስቱ ደረቀ። እንዲህ ግልጽ የሆነ ነገር አይቼ አላውቅም ብዬ ተደሰትኩ። ይህችን ክዳን አስታውሷት፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ብሩሽና የታመቀ አየር ይዤ ተቀመጥኩ። ኤሌክትሪኩን ነቅዬ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኜ ያዝኩ፤ ውስጡ የቀረችው ኃይል እንድትወጣ ነው። ከዚያም በሰውነቴ ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ወደ ዕቃው እንዳይሄድ ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት ነካሁ። ፓወር ሰፕላዩን ግን በውጭ በኩል ከመጥረግ ሌላ አልነካሁትም። ከተነቀለም በኋላ በውስጡ አደገኛ ኃይል ሊያቆይ ስለሚችል እሱን መክፈት የቤት ሰው ሥራ አይደለም።

የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ሥር ያየሁት አቧራ ብናኝ አልነበረም። በአሉሚኒየሙ ክንፎች መካከል ተጠቅጥቆ እንደ ባዘቶ ጥጥ ሆኗል፤ በወረንጦ ስጎትተው እንደ ጨርቅ ተያይዞ ወጣ። አየር በዚያ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረውም። የታመቀውን አየር ስነፋ የማራገቢያውን ምላስ በጣቴ ይዤ ነው፤ ዝም ብለው ቢነፉት ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ኩሽኔታው ሊጎዳ ይችላል።

ከዚያ የባሰ ነገር አገኘሁ። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጋር አብሮ የሚመጣው ማቀዝቀዣ ዕቃዎቹ ሁሉ በሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ፣ ላይ የሚያያዘው በ4 የፕላስቲክ እግሮች ነው። ከአራቱ አንዱ ከቀዳዳው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ማቀዝቀዣው ወደ አንድ ወገን ዘሞ የፕሮሰሰሩን ግማሽ ብቻ ነክቶ ተቀምጧል ማለት ነው። መቼ እንደወጣ እግዜር ይወቅ፤ ምናልባት ሳጥኑን ከክፍል ወደ ክፍል ስናዛውር ይሆናል። የእግሮቹን ራስ ቀስቱ ወዳሳየው አቅጣጫ አዙሬ ማቀዝቀዣውን አነሳሁት። መሐል የነበረው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ተርማል ፔስት፣ ደርቆ እንደ አሮጌ ቀለም ይፈረፈራል። በኢሶፕሮፒል አልኮል በነከርኩት ጨርቅ ሁለቱንም ወገን እስኪያብለጨልጭ ጠረግኩ፤ መሐሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት አደረግኩ። መልሼ ስገጥመው እግሮቹን በሰያፍ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ገፋኋቸው፤ እያንዳንዳቸው «ቀጭ» ሲሉ ሰማሁ። ይህችን ድምፅ ሳይሰሙ ክዳን መዝጋት አይገባም።

ውጤቱ ያማረ ነበር። ሥራ ሲፈታ 36 ዲግሪ፣ ቪዲዮ ሲያቀናብር 67። ማራገቢያው ዝም አለ። ድርግም ብሎ የመጥፋት ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰም። ክዳኑን ገጥሜ፣ ብሎኖቹን አጥብቄ፣ ለቤተሰቡ ድሌን አወጅኩ።

በአራተኛው ቀን ከሳሎን ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ ደግሞ ደረቀ!»

ሄጄ አየሁት። ልክ እንደ በፊቱ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔም አሁንም ሙቀት ነው ብዬ ሌላ ማራገቢያ ጨመርኩበት፣ ሳጥኑን ከግድግዳው አራቅኩት። ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ ወደ ራሙ ዞርኩ። ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት 86ን ፍላሽ ላይ ጭኜ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሳሁና ሌሊቱን ሙሉ ሲፈትሽ አደረ፤ ጠዋት ስህተት 0። የስክሪን ካርዱን ድራይቨር አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ቫይረስ ፈለግኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ ግን ቢያንስ ራሙን ከተጠርጣሪዎች መዝገብ ሰረዝኩት።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ቀጥሎ ነው። ዊንዶውስን ከማሽኑ ለመለየት በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ሊኑክስን ከፍላሽ አስነስቼ ሳልጭነው እንዲሁ ተጠቀምኩበት። ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ተከፈተ፣ ቪዲዮ ታየ፣ ምንም አልደረቀም። «ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ በሽተኛው ዊንዶውስ ነው» ብዬ ፈረድኩ። ፍርዱ የብልህ ሰው ይመስላል፤ ግን ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ በራም ላይ የሚኖር እንግዳ ነው፤ ሀርድ ዲስኩን አይነካውም። እኔ ዊንዶውስን ብቻ ያወጣሁ መስሎኝ ሀርድ ዲስኩንም አብሬ ከሙከራው አውጥቼዋለሁ። አንድ ሙከራ ሁለት ነገር ከለወጠ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይነግርም።

ስለዚህ ዊንዶውስን ከነሥሩ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ከዚያ በፊት ፋይሎቹን በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጤ የዚያ ወር ብቸኛ ጥበቤ ነው፤ እሱም መጀመሪያው ቀን ላይ መደረግ ነበረበት። የልጆች ፎቶግራፍ ያለበት ኮምፒውተር መድረቅ ሲጀምር ካቻቢቴ ከመፈለግ በፊት ፎቶግራፉን ማውጣት ይቀድማል። ጭነቱ መሐል ላይ ለረዥም ጊዜ ቆሞ እንደገና ቀጠለ። ይህም እየጮኸ የሚናገር ምልክት ነበር፤ አልሰማሁትም። በሁለተኛው ቀን አዲሱ ዊንዶውስ እንደ አሮጌው ደረቀ።

እዚህ ላይ ነው ተናድጄ ዝም ብዬ የተቀመጥኩት። የኃይል ቁልፉን አልተጫንኩም፤ መጀመሪያ ማየት አለብኝ አልኩ። እስከዚያ ድረስ በደረቀ ቁጥር ቶሎ አጥፍቼ ስለማበራው በሽተኛውን አንድም ቀን ሲያመው አላየሁትም ነበር። ማውሱን ባንቀሳቅስ ቀስቱ ይሄዳል። ይህ ገረመኝ። ካፕስ ሎክን ስጫን የኪቦርዱ መብራት ይበራል፣ ደግሜ ስጫን ይጠፋል። ስለዚህ የማሽኑ ልብ ይመታል፤ አንድ ነገር እየጠበቀ ነው እንጂ አልሞተም። ኮር ቴምፕ ጥግ ላይ ክፍት ነበር፤ 41 ዲግሪ ይላል። በመጨረሻም የሳጥኑን ፊት አየሁ። ሀርድ ዲስኩ ሲሠራ ብልጭ ድርግም የምትለው ትንሽ ቀይ መብራት ሳትርገበገብ በርታ ቀርታለች።

አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተለቀቀ፤ የተጫንኳቸው መስኮቶች ተራ በተራ ተከፈቱ።

ወዲያው የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ፣ ኢቨንት ቪወርን ማለት ነው፣ ከፈትኩ። ከዚህ በፊትም ከፍቼው ቁጥር 41 የሆነውን ከርነል ፓወር የሚል ቀይ ምልክት ይዤ ብዙ ደክሜበት ነበር። ያ ምልክት የሚለው ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ ተነስቷል ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም። እኔው በቁልፉ ባጠፋሁት ቁጥር ራሴ የጻፍኩት መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። አሁን ግን በደረቀበት ሰዓት ላይ በቁጥር 129 ተደጋጋሚ ቢጫ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ዲስኩ መልስ ስላልሰጠ መሥመሩ እንደ አዲስ እንዲነሳ ታዟል የሚል።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ጫንኩ። ይህ ፕሮግራም ሀርድ ዲስኩ ስለራሱ ጤና የሚይዘውን ስማርት የሚባል መዝገብ ያነባል። ቁጥሮቹ ከፊደል ጋር ተቀላቅለው ሲታዩ አትደንግጡ፤ በ16 መሠረት ስለሚጽፋቸው ነው፤ በቅንብሩ ውስጥ ወደ 10 መሠረት መቀየር ይቻላል። የተበላሹ ሴክተሮች፣ የዲስኩ ትናንሽ ክፍልፋዮች ማለት ነው፣ የሚቆጠሩባቸው መሥመሮች 5 እና 197 ሁለቱም 0 ናቸው። ዲስኩ ራሱ አልታመመም። መሥመር 199 ላይ ግን 1,286 የሚል ተቀምጧል። ይህ በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲመላለስ ተበላሽቶ የደረሰ መረጃ የሚቆጠርበት ነው። ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሁለቱን የሚያገናኘው ሳታ ኬብል ነው።

ክዳኑን አወለቅኩ። ቀይዋ ኬብል ከሀርድ ዲስኩ ጀርባ ወጥታ ወደ ክዳኑ በኩል ታጥፋለች፤ እጥፋቷ ላይ ክዳኑ የተጫናት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። መሰኪያዋን በጣቴ ስነካው ይወዛወዛል። ክዳኑ ሲገጠም ኬብሏን ገፍቶ መሰኪያውን ያዘነብለዋል፤ ሲወልቅ ኬብሏ ትተነፍሳለች። ያ በቬንቲሌተር ያደረግኩት ድንቅ ሙከራ ሙቀትን አልነበረም የመሰከረው። ቬንቲሌተሩ ለጌጥ ቆሞ ኖሯል፤ ሥራውን የሠራው የክዳኑ መውለቅ ነበር።

ያኔ ሙከራውን በሁለት ከፍዬው ቢሆን፣ ማለትም አንድ ቀን ክዳኑን ብቻ አውልቄ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ክዳኑን ገጥሜ አየሩን ብቻ አቀዝቅዤ ቢሆን፣ ወሩ በሁለት ቀን ያልቅ ነበር። አቧራውን በመጥረጌ ግን አልቆጭም። የተንጠለጠለው እግር እውነተኛ ጥፋት ነበር፤ ድርግም ብሎ መጥፋትን ያመጣው እሱ ነው። ችግሩ አንድ ጥፋት በማግኘቴ ሌላ አይኖርም ማለቴ ነው።

መሳቢያ ውስጥ ከነበሩ ኬብሎች መሰኪያዋ ላይ የብረት መቆለፊያ ያላትን መረጥኩ። ማዘርቦርዱም ላይ የምትሰካበትን ቀዳዳ ልቀይር ፈልጌ ነበር፤ እጄን መለስኩ። አንድ በአንድ! ኬብሏን ብቻ ቀየርኩ፣ ከክዳኑ አርቄ ወደ ታች አዞርኳት፣ ክዳኑን ገጠምኩ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ወር አልፏል። መሥመር 199 ላይ ያለው ቁጥር ኬብል ስለተቀየረ ወደ 0 አይመለስም፤ የሚታየው መጨመሩን ማቆሙ ነው። በየሳምንቱ እሑድ ከፍቼ አየዋለሁ። ልጄ ከኋላዬ ቆማ «ስንት ሆነ?» ትለኛለች። 1,286።