ለካምፐሬ ቀሚስ ፍለጋ

እናቴ ስልክ ላይ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ቤት ደግሞ ቀሚስ ይለብሳል እንዴ?»

«ይለብሳል እማዬ። እዚህ ካላለበሱት ውሃው ቱቦ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል» አልኳት።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2012፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። ቦታው ሰሜን ዳኮታ፣ ዊሊስተን። ያኔ ነዳጁ እንደ ጉድ ይወጣል፣ ሥራ ሞልቷል፣ ቤት ግን የለም። የተገኘውም ኪራዩ አይቀመስም። እኔም እንደ ብዙው ሰው 28 ጫማ የምትረዝም ያረጀች ካምፐር፣ በመኪና የምትጎተት ቤት ማለት ነው፣ ገዛሁና ከፒክአፕ ኋላ አስሬ ከዴንቨር ተነሣሁ። መንገድ 85ን ይዤ ወደ ሰሜን፣ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዋዮሚንግ ላይ ነፋሱ ካምፐሯን በጎን ሲገፋት መሪውን በሁለት እጄ ታግዬ ነው ያለፍኩት። ደቡብ ዳኮታ ገብቼ ቤል ፎርሽን ካለፍኩ በኋላ ዛፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ሜዳ ብቻ። ነፋሱን የሚያቆመው ነገር እንደሌለ ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

የቆምኩበት ግቢ ውስጥ ሁለት ዊንተር ያሳለፉ አንድ ሐበሻ ሹፌር አገኘሁ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ከካምፐሯ ሥር አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተ ልጅ፣ ድልድይ ላይ ልትተኛ ነው እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ወለሉ ስስ ነው። የውሃው ቱቦና የቆሻሻው ታንክ ያሉት እዚያው ሥር ነው። ነፋስ በዚያ ካለፈ ከላይ ሂተሩን ብታንቦገቡገው ጋዝ ማቃጠል ብቻ ነው። ዙሪያውን ከዘጋኸው ግን ከሥር ያለው አየር ይረጋል፣ መሬቱም ከበጋ የያዘውን ሙቀት ትንሽ ትንሽ ይለቅለታል። ቀሚስ የሚሉት ይህንን ነው።

መጀመሪያ ያማረኝ ጭድ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች በእስር በእስር ይሸጡታል፣ ርካሽ ነው። እኔ ደግሞ ጭድና ጭቃ በተመረገ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ጋሼ ግን አልሰሙኝም። «አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል። ባይቃጠልም ለአይጥ ቪላ መሥራትህ ነው።»

ቪኒል የሚሉትን የፕላስቲክ ሸራ ጠየቅሁ። በልክ ተሰፍቶ ጠቅ በሚል ቁልፍ ይያያዛል። ያምራል። ከ1500 ዶላር በላይ ሲሉኝ አመስግኜ ወጣሁ። ደግሞም ነፋስ ያቆማል እንጂ ብቻውን ሙቀት አይዝም። ኮምፔንሳቶም ያው ነው፣ ክብደቱ ሲጨመርበት።

በመጨረሻ ሙቀት እንዳይወጣ ግድግዳ ውስጥ የሚያደርጉትን ሮዝ የፎም ሉህ ያዝኩ። 4 በ8 ጫማ፣ ውፍረቱ 2 ኢንች። የካምፐሯ ዙሪያ 72 ጫማ ስለሆነ ዘጠኝ ሉህ በቃኝ። በከተር ቆረጥኩት፣ በአሉሚኒየም ፕላስተር አጣበቅሁት። የሂተሩን ጭስ መውጫ አልነካሁም፤ እሱን መሸፈን ራስን ማፈን ነው። የጋዝ ሲሊንደሮቹንም ውጭ ተውኳቸው። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ከቀሚሱ ሥር ይጠራቀማል።

ሦስተኛው ሌሊት ነፋስ መጣ። ጧት ስነሣ አንዱ ፎም የለም። ጎረቤት አጥር ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ለካ ፕላስተር በቀዘቀዘና አቧራ በያዘ ብረት ላይ አይጣበቅም። ሰነፍ ሁለቴ ይሠራል፤ ሞራሌ ገዝቼ ዙሪያውን ፍሬም ሠራሁና ፎሙን በቪቲ ያዝኩት። በረዶ ሲጥል ደግሞ በአካፋ ግርጌው ላይ ከመርኩት። በረዶን በበረዶ መከላከል ያን ዕለት ነው የተማርኩት።

እንዲያም ሆኖ የኩሽናው ቧንቧ ጧት ጧት ውሃ እምቢ ይላል። ብርድ የሚያስገባው ቀዳዳ የት እንዳለ ግራ ገባኝ። አንድ ማታ እናቴ የላከችልኝን ሰንደል ለኮስኩና ለመግቢያ በተውኩት በር በደረቴ ተስቤ ከሥር ገባሁ። የእጅ ባትሪ በጥርሴ፣ ሰንደሉ በእጄ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ትንሽ ተሳብኩ፣ አሁንም ቀጥ። ጎማው ጋ ስደርስ ግን እጥፍ ብሎ ተኛ። ጣቴን የማታስገባ ስንጥቅ! ከእሷ የሚገባው ብርድ ልክ ቱቦው ላይ ያርፋል። በሚነፋ ፎም ደፈንኳት። በማግስቱ ውጭ −24 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲል ከሥር ያንጠለጠልኩት ቴርሞሜትር +3 አነበበ፣ ቧንቧውም ወረደ። ቡናዬን በቧንቧ ውሃ አፈላሁ።

ሚያዝያ ላይ ቀሚሱን ሳወልቅ፣ ከሂተሩ በታች በነበረው ፎም ውስጥ ክብ ተደርጎ የተቦረቦረ ጉድጓድ አገኘሁ። ውስጡ ከጠፋብኝ የሱፍ ካልሲ የተነጨ ክር ተነጥፎበታል። ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። አይጧ እንኳ ፎሙን ከጭድ ሳትመርጥ አልቀረችም አሉ።